ሰርቨሩ ሳይጠፋ ሜሞሪውን ማደላደል

ለጤና ሪፖርት ወር የሚባለው ከ21 እስከ ተከታዩ ወር 20 ያለው ነው። ስለዚህ በየወሩ 20 ሲሞላ ግራና ላይ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስንት ሕፃን ተከተበ፣ ስንት እናት የእርግዝና ክትትል ጀመረች፣ ስንት ሰው ወባ ተገኘበት የሚለውን ትደምራለች። ድምሩ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ መርሳ ወዳለው የሀብሩ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም በወልድያ አድርጎ ወደ ክልልና ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። የሚወጣበት መንገድ ዲኤችአይኤስ ቱ ይባላል። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሚያለሙት፣ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ነው። ኢትዮጵያ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ደረጃ ሥራ ላይ አውላዋለች፤ የእኛን የቀን አቆጣጠር ከነጳጉሜኑ ያውቃል።

ዲኤችአይኤስ ቱ ራሱ ቁጥር አያስቀምጥም። ቁጥሩን የሚይዝለት ፖስትግሬስ የተባለ ዳታቤዝ ነው፤ ዛሬ ላወራችሁ የጓጓሁትም ስለ እሱ ነው። አገር ሙሉ ጤና ተቋም ወሩን የሚዘጋው በአንድ ሰሞን ነው። አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ያስገባውን ያርማል፣ ዞንና ክልል ደግሞ ‹ማን አልላከም?› እያለ ሪፖርት ያወጣል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጫንበት ሰርቨር፣ የጤናም ይሁን የሌላ መሥሪያ ቤት፣ አንዳንዴ መንፈራገጥ ይጀምራል። ገጹ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ‹ሲስተም የለም› ይባላል። ኔትወርኩ ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው። ሰርቨሩ ከሆነ ግን ሁሉም ሰው አንድ መድኃኒት ያውቃል፦ ሜሞሪ ይጨመርለት!

ችግሩ፣ ሜሞሪ ‹መጨመር› ብቻውን ብዙም ትርጉም የለውም። ለማን ነው የሚጨመረው? ማሽኑ ላይ ያለው ራም ለብዙ ጠያቂ የሚከፋፈል ነው፤ ክፍፍሉን የሚወስኑት ደግሞ አንድ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ የተጻፉ ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሰርቨሩ እየሠራ ይቀየራሉ፤ አንዳንዶቹ ካልጠፋ ንክች አይሉም። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ፣ ሊያስፈራን የሚገባው ከቁጥሮቹ መካከል በጣም ትንሹ መሆኑ ነው። እሱም ሰርቨሩ እየሠራ ከሚቀየሩት አንዱ ነው።

እስቲ እውነተኛ ቁጥሮች እንያዝ። የዲኤችአይኤስ ቱ የመጫኛ መመሪያ ለፖስትግሬስ እንደ መነሻ ሲጠቁማቸው የቆዩ ቁጥሮች አሉ። ሼርድ በፈርስ 3200 ሜጋባይት፣ ኢፌክቲቭ ካሽ ሳይዝ 8000 ሜጋባይት፣ ሜንቴናንስ ወርክ ሜም 512 ሜጋባይት፣ ወርክ ሜም 20 ሜጋባይት፤ በአንድ ጊዜ መግባት የሚችለው ግንኙነት 200። ማሽኑ 16 ጊጋባይት ራም አለው እንበል። የትኛውን ትፈራላችሁ?

መቼም 8000 ትላላችሁ፤ የማሽኑ ግማሽ ነዋ! እሱ ግን አንዲት ባይት እንኳ አይወስድም። ኢፌክቲቭ ካሽ ሳይዝ ለፖስትግሬስ የሚነገረው ግምት ነው፤ ‹ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም በበኩሉ ፋይል ራም ላይ እያቆየ ያግዝሃል፣ በጠቅላላው ይህን ያህል አለልህ ብለህ አስላ› ማለት ነው። ፖስትግሬስ አንድን ነገር በኢንዴክስ ይፈልገው ወይስ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያንብበው ብሎ ሲያመዛዝን ይጠቀምበታል። እየሠራ ብትቀይሩትም ማንም አይጎዳም፤ ቢበዛ አንዳንድ ጥያቄ መንገዱን ይቀይራል።

3200ውስ? እሱ የምር ይወሰዳል። ፖስትግሬስ መረጃውን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው በ8 ኪሎባይት ገጽ በገጽ እየቆራረጠ ነው። አንድ ገጽ ሲፈለግ ከዲስክ አንሥቶ ሼርድ በፈርስ ላይ ያኖረዋል፤ ሌላ ሰው ያንኑ ገጽ ሲጠይቅ ወደ ዲስክ አይመለስም። 3200 ሜጋባይት ማለት ለ409,600 ገጾች የሚሆን ቦታ ነው። የሀብሩን የክትባት ቁጥር መርሳ ያለ ባለሙያ ካየው በኋላ ወልድያ ያለው ሲጠይቅ መልሱ ከራም ይሰጠዋል። ጥሩው ነገር ይህ ቦታ የጋራ ነው። አሥር ሰው ቢገባም ሁለት መቶ ሰው ቢገባም 3200 ያው 3200 ነው። ትልቅ ነው፣ ግን አይባዛም፤ ለዚህ ነው የማያስፈራው።

የሚባዛው 20ዋ ናት።

ወርክ ሜም ማለት አንድ ጥያቄ ቁጥሮችን ሲደረድር ወይም ሁለት ሠንጠረዥ ሲያጋጥም የሚሠራበት የግል ቦታ ነው። ብዙ ሰው፣ የኮምፒውተር ባለሙያውም ጭምር፣ ‹ለአንድ ሰው 20 ሜጋባይት› አድርጎ ያነበዋል። እንደዚያ ቢሆን 200 ግንኙነት በ20 ሲባዛ 4000 ሜጋባይት ነው፤ ይቻላል። እውነቱ ግን 20ው ለአንድ ሰው አይደለም፣ ለአንድ ጥያቄም አይደለም። በጥያቄው ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ መደርደርና ለእያንዳንዱ ማጋጠም ነው። ከ15ኛው የፖስትግሬስ እትም ወዲህ ደግሞ ሀሽ በሚባለው ዘዴ የሚሠራው ማጋጠም፣ ካልነካችሁት በቀር፣ የወርክ ሜምን እጥፍ እንዲወስድ ተፈቅዶለታል።

ስለዚህ አንድ የዞን ሪፖርት ሁለት ጊዜ የሚደረድርና ሁለት ጊዜ በሀሽ የሚያጋጥም ቢሆን፣ ሁለት 20ዎችና ሁለት 40ዎች ማለትም 120 ሜጋባይት ድረስ ሊወስድ ይችላል። ወር ሲዘጋ 60 ሰው እንዲህ ያለውን ሪፖርት አንድ ላይ ቢጠይቅ 7200 ሜጋባይት ነው። በ3200ው ላይ ደምሩት፤ 10,400። በ16 ጊጋባይት ማሽን ላይ ጠበብ ይላል እንጂ ያልፋል። አሁን አንድ ችኩል ባለሙያ ‹ሪፖርቱ ዘገየ› ተብሎ 20ዋን 100 ያደርጋታል። አንድ ጥያቄ 600 ሜጋባይት፣ ስድሳው 36,000 ሜጋባይት! ማሽኑ ካለው ከእጥፍ በላይ ነው። በዕለቱ ምንም አይፈጠርም፤ ይህ ቁጥር ጣሪያ ነው፣ ጥያቄው ካልፈለገው አይወስደውም። ማክሰኞ ሦስት ሰው ሲጠቀም ሪፖርቱ ይፈጥናል፤ ባለሙያውም ይመሰገናል። ዕዳው የሚመጣው በ20ኛው ቀን ነው።

የግራና ልጅ የሆነ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፦ የውሃ አባቱ የት ሄደ? ከቆቦ እስከ ግራና ባለው ሸለቆ መስኖ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በስሙ የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም እስከመቋቋም ደርሷል። በባህላዊው መስኖ አንድ ቦይ ለብዙ ማሳ ሲያጠጣ ተራ የሚያወጣው፣ ያለ ተራው የጠለፈውን የሚያስቀጣው የውሃ አባት ነው። ፖስትግሬስ በወርክ ሜም ላይ የውሃ አባት የለውም። እያንዳንዱ ጥያቄ የተፈቀደለትን ጣሪያ ብቻ ነው የሚያየው፤ ጎረቤቱ ስንት እንደወሰደ፣ ከምንጩ ስንት እንደቀረ አይጠይቅም።

ሁሉም ዳታቤዝ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ሹም አቁሟል። ብዙ የሚደረድር ጥያቄ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሜሞሪ ያስፈቅዳል፤ ካልተነካ በቀር አንዱ ጥያቄ ከተመደበው ሩብ በላይ አይሰጠውም፤ ቦታ ከሌለ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ኦራክል ደግሞ ከ9አይ እትሙ ጀምሮ ለሁሉም የግል ሥራ ቦታ አንድ ጠቅላላ ግብ ይቀበላል፤ በ12ሲ ላይ ቁርጥ ያለ ገደብ ጨመረበት፤ ጠቅላላው ከገደቡ ሲያልፍ ብዙ ከያዙት ጀምሮ ሥራቸውን ያቋርጣል። ፖስትግሬስን እወደዋለሁ፣ ግን በዚህ ጉዳይ ኦራክል ይበልጠዋል ብል አላፍርም።

ታዲያ ፖስትግሬስ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ሲጠልፍ ምን ይሆናል? ሰርቨሩ ሊኑክስ ከሆነ ራሙ ሲያልቅበት ከርነሉ አንድ ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል። ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ብዙ የያዘው ነው፤ ስለዚህ ዳታቤዙ ላይ ያርፋል። ይህ ብቻ ቢሆን አንድ ሰው ሪፖርቱ ተቋረጠበት እንል ነበር። ፖስትግሬስ ላይ ግን እያንዳንዱ ግንኙነት ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው፤ ሁሉም ያቺን 3200 ሜጋባይት በጋራ ይነካሉ። አንዱ በድንገት ሲገደል ሁሉንም የወለደችው እናትየው ፕሮሰስ ‹ይህ ሰው የጋራውን ቦታ እየጻፈበት ሳለ ሞቶ እንደሆነስ?› ብላ ትጠራጠራለች። ስለዚህ ሌሎቹንም ሁሉ አስወጥታ፣ ከመዝገብ አገላብጣ እንደገና ትነሣለች። አንድ ሰው አዲስ አበባ ላይ የጠየቀው ከባድ ሪፖርት መርሳ ላይ ቁጥር የሚያስገባውን ሰው ያባርረዋል ማለት ነው። ያስገባው መረጃ አይበላሽም፤ ‹አስቀምጥ› ያላለው ግን ይሄዳል። የፖስትግሬስ መመሪያ ለዚህ የሚመክረው ሊኑክስ ከአቅሙ በላይ ሜሞሪ ቃል እንዳይገባ ማድረግን ነው፤ ያኔ በአብዛኛው የሚወድቀው ቦታ ያጣው ጥያቄ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ተስፋው። ወርክ ሜም ሰርቨሩ እየሠራ፣ ሰዉ እየገባ እየወጣ፣ እንደልብ የሚቀየር ቁጥር ነው። እንዲያውም ለሁሉም መቀየር አያስፈልግም። ለአንድ ግንኙነት ብቻ፣ ለአንድ ትራንዛክሽን ብቻ፣ ለአንድ የተጠቃሚ ስም ብቻ መቀየር ይቻላል። ያ ችኩል ባለሙያ ማድረግ የነበረበት ይህንኑ ነው። 20ዋን ለሁሉም እንዳለች ትቶ፣ ከባዱን የዞን ሪፖርት የሚያወጣው ሥራ ለብቻው የ200 ሜጋባይት ወርክ ሜም እንዲኖረውና ሲጨርስ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ማድረግ። ጣሪያው ለአንድ ሥራ 200 ቢሆን ማንንም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ለሁሉም ሲሆን ነው።

የትኛው ሥራ እንደሚያስፈልገውስ በምን ይታወቃል? በግምት መሆን የለበትም፤ ፖስትግሬስ ራሱ ይናገራል። ቦታ የጠበበው ጥያቄ የሚደረድረውን ወደ ዲስክ ይዘረግፋል፤ ስንት ጊዜ ጊዜያዊ ፋይል እንደተጻፈና ስንት ባይት እንደሆነ ዳታቤዙ ይቆጥራል። አንዱን ጥያቄ ‹እንዴት እንደሠራኸው አብራራ› ብትሉት፣ የደረደረው ራም ላይ ከሆነ ክዊክ ሶርት፣ ዲስክ ላይ ከሆነ ኤክስተርናል መርጅ ብሎ ከነመጠኑ ይጽፍላችኋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዲስክ ላይ 38 ሜጋባይት ፈጀ ካላችሁ 38 ሜጋባይት ይበቃዋል ማለት አይደለም፤ ዲስክ ላይ ታጭቆ የተጻፈው ራም ላይ ሲዘረጋ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ጨመር አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ድጋሚ አብራራ በሉት፣ ክዊክ ሶርት እስኪል።

የ512ቷን ነገር ባጭሩ። ሜንቴናንስ ወርክ ሜም ለጽዳትና ኢንዴክስ ለመሥራት ነው። ዲኤችአይኤስ ቱ አናሊቲክስ የሚባሉ የሪፖርት ሠንጠረዦችን አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት እንደገና ይሠራል፤ ብዙ ኢንዴክስም ጎን ለጎን ይገነባል። አራቱ አንድ ላይ ቢገነቡ 2048 ሜጋባይት ነው። በዚህ ላይ ራሱን በራሱ የሚያጸዳው ሥራ፣ ካልተነካ በቀር፣ ሦስት ሠራተኛ ድረስ ያሰማራል፤ እነሱም ለየብቻ ሌላ ቁጥር ካልተሰጣቸው ይችኑ 512 ነው የሚያነቡት። ይህችም በሥራ ላይ ትቀየራለች፤ ለሌሊቱ ሥራ ከፍ፣ ለቀኑ ዝቅ ማድረግ ነው።

ሼርድ በፈርስ ግን እምቢ ይላል። ‹ለምን?› የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ የቀረበት ማብራሪያ ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ ስለዚህ ልሞክረው። እናትየው ፕሮሰስ ስትነሣ ያንን 3200 ሜጋባይት ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጠይቃ፣ አድራሻውን ወስና ትይዛለች። ከዚያ በኋላ የሚወለደው ፕሮሰስ ሁሉ ያንን አድራሻ ወርሶ ነው የሚወለደው፤ የትኛው ገጽ የት እንደተቀመጠ የሚመራው ሠንጠረዥም በዚያው መጠን ልክ የተሰፋ ነው። መጠኑን ለመቀየር መቶ ሁለት መቶ ፕሮሰስ ሥራ ላይ እንዳለ በአንዲት ቅጽበት አዲሱን ስፋት መስማማት አለበት። አንዱ በአሮጌው መጠን እየሠራ ሌላው በአዲሱ ከሄደ የሰው መረጃ ይበላሻል። ስለዚህ ፖስትግሬስ አጥፉኝና አስነሡኝ ይላል።

ማይኤስኪውኤል ይህን ተሻግሮታል። እሱ አንድ ፕሮሰስ ውስጥ በብዙ ክር የሚሠራ ስለሆነ መስማማቱ ይቀለዋል። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው 5.7 እትሙ የጋራ ገጽ ማቆያውን እየሠራ ማስፋትና ማጥበብ ጀመረ። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚገለገሉበት ኮሃ የሚቀመጠው በማይኤስኪውኤል ወይም በወንድሙ በማሪያዲቢ ላይ ስለሆነ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ንገሩት። ማይኤስኪውኤል የሚጨምረው ግን በቁራጭ ነው፤ ቁራጩ ካልተቀየረ 128 ሜጋባይት ነው። 1000 ሜጋባይት ብትሉት ወደ ላይ አጠጋግቶ 1024 ያደርገዋል፤ ‹የጻፍኩት ቁጥር የት ሄደ?› ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ማስፋት ፈጣን ነው። ማጥበብ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ተቀይሮ ዲስክ ላይ ያልተጻፈው ገጽ መጻፍ፣ አሁን በሥራ የተያዘው እስኪለቀቅ መጠበቅ፣ የቀረውም ወደሚተርፈው ቁራጭ መዛወር አለበት። ስለዚህ ወር በሚዘጋበት ሰሞን ማጥበብ አይመከርም።

የኦራክል የጋራ ቦታ ከ9አይ ጀምሮ እየሠራ ይሰፋል ይጠብባል፤ ነገር ግን ሲነሣ ከተነገረው ጣሪያ በላይ አይወጣም። ኤስኪውኤል ሰርቨርም ጣሪያው እየሠራ ይቀየራል። የእሱ ጣሪያ ሳይነካ ሲመጣ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? 2,147,483,647 ሜጋባይት! ወደ 2 ፔታባይት ነው። ‹ያገኘሁትን ሁሉ እወስዳለሁ› ማለቱ ነው፤ አንድ ማሽን ላይ ከሌላ ሥራ ጋር የሚኖር ከሆነ መጀመሪያ መቀነስ ያለበት እሱ ነው።

ዲኤችአይኤስ ቱ ራሱ የተጻፈው በጃቫ ነው፤ ከፖስትግሬስ ጋር አንድ ማሽን የሚጋራበት ቦታም አለ። ጃቫ የሚወስደው ከፍተኛ መጠን ሲነሣ ይነገረዋል፤ ከዚያ በኋላ ሳይጠፋ አያድግም። 16 ጊጋባይታችንን ስንካፈል እሱንም አስቀድመን መቀነስ ይገባናል።

ሼርድ በፈርስን ለመቀየር ማጥፋት ግድ ሲሆን፣ የማጥፋቱ ዋጋ ያቺ የጠፋባት ደቂቃ ብቻ አይደለችም። ሲነሣ 409,600 ገጾቹ ባዶ ናቸው። ጠዋት መጀመሪያ የገቡት ሰዎች፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራም ላይ ያቆየው ከሌለ በቀር፣ ሁሉንም ከዲስክ እየጎተቱ ነው የሚሠሩት፤ ‹አስተካከልነው ባላችሁ ማግሥት ባሰበት› የሚባለው ለዚህ ነው። ለዚህም መላ አለ፤ ፒጂ ፕሪዋርም የሚባል ተጨማሪ ዕቃ አለ፣ ከ11ኛው እትም ወዲህ የትኞቹ ገጾች እንደነበሩ እየመዘገበ ሲነሣ መልሶ ይሞላቸዋል። ማይኤስኪውኤልም ከ5.7 ጀምሮ ሳይጠየቅ ይህን ያደርጋል።

የትኛው ቁጥር ማጥፋት እንደሚጠይቅ በቃል መያዝ አያስፈልግም። ፒጂ ሴቲንግስ የሚባል ሠንጠረዥ አለ፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ኮንቴክስት የሚል ዓምድ ታያላችሁ። ፖስትማስተር ካለ ማጥፋት ይጠይቃል። ሲግሀፕ ካለ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ መንገር ይበቃል። ዩዘር ካለ ማንም በራሱ ግንኙነት ይቀይረዋል። ከ9.4 እትም ወዲህ ፋይሉን በእጅ መክፈት እንኳ ቀርቷል፤ እዚያው ዳታቤዙ ውስጥ ሆኖ ማዘዝ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀይራችሁ፣ አስነብባችሁ፣ ምንም ለውጥ ካላያችሁ ሁለት ቦታ ፈልጉ። አንደኛው፣ ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው ለዚያ የተጠቃሚ ስም ለብቻው ወርክ ሜም መድቦለት ሊሆን ይችላል፤ የስም ምደባ የፋይሉን ምደባ ይሽራል። ፒጂ ሴቲንግስ ላይ ሶርስ የሚለው ዓምድ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይነግራችኋል፤ ግን የምታዩት የራሳችሁን ግንኙነት ስለሆነ በዚያው ስም ገብታችሁ እዩት። ሁለተኛው፣ ምደባውን ለስም ያደረጋችሁት እናንተው ከሆናችሁ፣ የሚሠራው አዲስ ለሚገባ ግንኙነት ብቻ ነው። ዲኤችአይኤስ ቱን የመሰለ ፕሮግራም ደግሞ ሰው በገባ ቁጥር አዲስ ግንኙነት አይከፍትም፤ ቀድሞ የከፈታቸውን እያቆየ ያዋውሳል። እነዚያ የቆዩት ግንኙነቶች ተራ በተራ ተዘግተው እስኪተኩ ድረስ በአሮጌው ቁጥር ይሠራሉ፤ ስለዚህ ለ20ኛው ቀን የታሰበ ለውጥ ቢያንስ ከቀናት በፊት መግባት ይኖርበታል።